ሥልጠናው አልቆ ዋርዱ ለምን እንደነበረ ይቀራል?

እህቴ፣ «ደሴ ላይ የሁለት ቀን የቡድን ሥራና የመግባባት ሥልጠና ወሰድን፣ ሰርተፊኬትም ተሰጠን፤ ዋርዱ ግን እንደነበረ ነው፤ ምን ጎደለ?» ብለሽ ጠይቀሻል። የጎደለው ከአዳራሹ በኋላ ያለው ሥራ ነው።

አዳራሽ የሚገባው ተራው የደረሰው ሰው ነው። አብረው ዱቲ የሚያድሩት ሐኪም፣ አዋላጅ፣ አኔስቴቲስት (የማደንዘዣ ባለሙያ) እና የጽዳት ሠራተኛ ግን አንድ ላይ ተቀምጠው አይሠለጥኑም። ስለዚህ የተማረው ብቻውን ይመለሳል፤ የተማረውን የሚቀበለው ሰው ዋርዱ ውስጥ የለም። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የተሠራው ከዚህ የተለየ ነበር፦ ሁለት ወር ተዘጋጁ፣ ኦፕሬሽን ክፍሉን ለአንድ ቀን ዘግተው ሁሉንም አብረው አሠለጠኑ፣ ከዚያ ለአንድ ዓመት በየሦስት ወሩ ተከታተሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ውጤት፣ በሠለጠኑት 74 ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ሞት 18 በመቶ ሲቀንስ ባልሠለጠኑት 34 የቀነሰው 7 በመቶ ነው። በካናዳ ኦንታሪዮ ደግሞ 101 ሆስፒታሎች የዓለም ጤና ድርጅትን ዓይነት የቀዶ ሕክምና ቼክሊስት እንዲሞሉ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲጠና ሞት ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልታየም። ቅጽ መሙላትና መነጋገር ለየብቻ ናቸው።

እንግዲህ ሆስፒታሉን በሙሉ አትነካኩ። አንድ ዋርድ፣ አንድ ቅጽበት ምረጡ። እኔ ብሆን ከወሊድ ዋርድ የሌሊት ስልክ እጀምራለሁ። የተለመደው አደዋወል «ዶክተር፣ አንዷ እናት ትንሽ ደም ይፈሳታል፣ ቢያዩልን» ነው። ይሉኝታው «ትንሽ»ን ያስገባል፤ ሐኪሙም ትንሽ መስሎት ይቆያል። በኤስባር ቅደም ተከተል፣ ማለትም ሁኔታው፣ ታሪኩ፣ ግምቴ፣ የምፈልገው ተብሎ ሲነገር ግን እንዲህ ይሆናል፦ «ዶክተር፣ ከወሊድ ዋርድ ነው፣ አልጋ 6። ከወለደች 40 ደቂቃ ሆኗታል፣ ደሙ አልቆመም፣ ግፊቷ 80/50፣ ፐልሷ 128። ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት) 10 ዩኒት በጡንቻ ወስዳለች፣ የእንግዴ ልጁ ሙሉ ወጥቷል። ማህፀኗ ላልቷል፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ደም መፍሰስ ነው ብዬ እገምታለሁ። አሁኑኑ ይምጡ፤ እስኪመጡ ማህፀኗን እያሸሁ ሁለተኛ የደም ሥር መስመር እከፍታለሁ፣ ክሮስማች (የደም ማዛመጃ ምርመራ) እልካለሁ።» ነርሶች የሚዘሉት ሦስተኛውንና አራተኛውን ነው፤ ግምት መናገር ድፍረት ይመስላቸዋል። ልምምዱ በዋናነት እዚያ ላይ ይሁን።

ሐኪሙ «20 ዩኒት ኦክሲቶሲን በ1 ሊትር ኖርማል ሳላይን፣ በደቂቃ 60 ጠብታ» ካለ፣ ተቀባይዋ ቃል በቃል ትድገመው፣ ሐኪሙም «ልክ ነው» ሳይል ስልኩን አይዝጋ። መጠን በእንግሊዝኛ ስንጠራ «ፊፍቲን» እና «ፊፍቲ» በስልክ ይምታታሉ፤ «አንድ፣ አምስት» ተብሎ አኃዙ በየተራ ይጠራ።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚመጣ ሪፈርም የራሱ ችግር አለው። ኤክላምፕሲያ (ከእርግዝና የደም ግፊት ጋር የሚመጣ መንቀጥቀጥ) ያለባት እናት የሐረጎን ዳገት ስትወጣ መረጃው ከላኪ ነርስ ወደ አምቡላንስ፣ ከዚያ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይተላለፋል። መንቀጥቀጡን የሚያቆመው ማግኒዚየም ሰልፌት ተሰጥቷት ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ፣ 4 ግራም በደም ሥርና 10 ግራም በጡንቻ የሚሰጠው የመጀመሪያ መጠን ደሴ ላይ ሊደገም ይችላል፤ ያኔ ትንፋሿ ይዳከማል። ስለዚህ መጠኑና ሰዓቱ ሪፈር ወረቀቱ ላይም፣ ክንዷ ላይ በሚለጠፍ ፕላስተርም ይጻፍ፤ አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊትም ይደወል። ተቀባዩ ትንፋሿን፣ የጉልበት ሪፍሌክሷንና ሽንቷን አይቶ የሰማውን መልሶ ይናገር። የማግኒዚየም ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም በእጅ አጠገብ ይሁን።

ከሁሉ የሚከብደው ታናሽ ታላቁን ማስቆሙ ነው። ሦስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አስለምዱ፦ «ዶክተር፣ ስጋት አለኝ»፤ ካልተሰማ «ይህ ነገር ልክ አልመሰለኝም»፤ አሁንም ካልተሰማ «ለታካሚዋ አደጋ ነው፣ እናቁም»። ከዚያም ካልተሰማ ወደ ተጠሪው ስፔሻሊስት መደወል ንቀት እንዳልሆነ የዋርዱ ኃላፊ ራሱ በሁሉም ፊት አስቀድሞ ይናገር። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ተሳስታ እንኳ ብትሆን መልሱ «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» ይሁን፤ ሐኪሙ አንዴ በራውንድ (በአልጋ ዙር ጉብኝት) ላይ ከተቆጣት ሥልጠናው እዚያው ላይ ያበቃል። ስፔሻሊስቶቹ ካልተሳተፉ ባትጀምሩት ይሻላል።

ልምምዱ 2 ሰዓት እዚያው ዋርዱ ውስጥ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ከማለዳ ርክክብ ቀጥሎ 15 ደቂቃ ይበቃዋል። አበል አያስፈልገውም። የምትለኩት በፈተና አይሁን፤ የፈተና ውጤት ሁሌም ጥሩ ነው። በሳምንት 10 ርክክብ ወይም ስልክ ቆማችሁ አዳምጡ፦ አራቱም ክፍል ተነግሯል? ተቀባዩ ደግሞታል? ኦፕሬሽን ክፍል ከሆነ ደግሞ ከመቆረጡ በፊት ሁሉም እጁን አቁሞ ነበር፣ አንቲባዮቲኩስ ባለፈው 60 ደቂቃ ውስጥ ተሰጥቷል? ከቻርቱ አታጣሩ፣ ቼክሊስቱ አስቀድሞም ኋላም ይሞላልና።

ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች (በሥልጠና ላይ ያሉ ሐኪሞች) በየጊዜው ይቀያየራሉ፤ አዲስ ቡድን በገባ ቁጥር በመጀመሪያው ጠዋት የስልኩንና የሦስቱን ዓረፍተ ነገሮች ልምምድ 20 ደቂቃ ስጡት። ይህን የሚያስታውስ አንድ ሰው በስም መመደብ አለበት፤ የዋርዱ አስተባባሪ ነርስ ብትሆን ይመረጣል፣ እሷ አትቀያየርም።