በ«ኤት» እና በ«አይት» መካከል የቀረው 10 ነጥቤ

ውድ እህቴ፣ በሬሜዲያል ትምህርትሽ የአዮኖች (ቻርጅ የያዙ አቶሞችና የአቶም ስብስቦች) ዝርዝር አልያዝልሽ ማለቱን፣ በውሁዶች ስያሜም ሁልጊዜ ነጥብ እንደምትጥዪ ጽፈሽ «እንዴት ልሸምድደው?» ብለሽ ጠይቀሻል። መቼም እንደ እኔ የድሬን ሙቀት ሸሽተሽ ሌሊት ሌሊት ከላይ ወደ ታች እየደጋገምሽው እንደሆነ አልጠራጠርም።

1ኛ፣ እሱን ተዪውና ቤተሰብ በቤተሰብ ያዢው። ሰልፌት 4፣ ሰልፋይት 3 ኦክስጅን አላቸው፤ ሰልፋይድ ምንም የለውም፤ የሦስቱም ቻርጅ ግን ኔጌቲቭ 2 ነው። ናይትሬት 3፣ ናይትራይት 2 ኦክስጅን ይዘው ቻርጃቸው ኔጌቲቭ 1 ሲሆን፣ ናይትራይድ ኔጌቲቭ 3 ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። በስሙ መጨረሻ ያለው «ኤት ማለት 3 ኦክስጅን ነው» የሚልሽን አትስሚ፤ ከ«አይት» በ1 ይበልጣል ማለት ብቻ ነው።

2ኛ፣ በሮማን ቁጥር የሚጻፈው የብረቱ ቻርጅ እንጂ ብዛቱ አይደለም። በድሮው የባቡር ሐዲድ ላይ የምታዪው ቀይ ዝገት ውሃ ያዘለ አይረን ሦስት (III) ኦክሳይድ ነው፤ በቀመሩ (Fe₂O₃) ውስጥ ያለው የአይረን ብዛት ግን 2 ነው።

3ኛ፣ ስሙን ያለ ቀመሩ አትጻፊ። የ1ኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ የሰልፌት አዮንን ለመለየት ለሚሠራ ሙከራ ሶዲየም ሰልፌት መጠየቅ ሲገባኝ፣ በኬሚካል መጠየቂያው ቅጽ ላይ «ሶዲየም ሰልፋይት» ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም ነጭ ስለሆኑ በዓይን አይለዩም። በውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሳደርግበት፣ ክብሪት ሲጫር እንደሚመጣው ያለ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ፣ ማለትም ሰልፈር ዳይኦክሳይድ፣ ወጣ። ባሪየም ክሎራይድ ስጨምርበትም የጠበቅኩት ነጭ ዝቃጭ አልታየም፤ ባሪየም ሰልፌት በአሲድ ባይሟሟም ባሪየም ሰልፋይት ይሟሟልና።

ጠርሙሱን ይዤ ወደ ግምጃ ቤቱ መስኮት ብመለስ፣ ሠራተኛው ቅጹን በጣቱ እየመታ «እኔ የተጻፈውን ነው የምሰጠው፤ የልብህን አላነብም» ብሎ በተሰለፈው ተማሪ ፊት ዘጋብኝ። መምህሩ አዲስ ቅጽ ካልፈረሙ አይለውጥም፤ እሳቸው ደግሞ ለምሳ ወጥተዋል፤ የድሬ ምሳ ሰዓት እንዴት እንደሚረዝም ታውቂዋለሽ። 10 ነጥቡ በዚያው ቀረ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ኬሚካል የሚያድል ሰው «ለምን ሙከራ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎድልበት እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በማግስቱ የብስኩት ካርቶን ቆራርጬ 36 ካርድ አዘጋጀሁ፤ በአንዱ ገጽ ስም፣ በሌላው ቀመርና ቻርጅ። ከሳቢያን ሰፈር በባጃጅ ስመላለስ አምስት አምስቱን እያገላበጥኩ በ2 ሳምንት ጨረስኩት፤ በማጠቃለያው ፈተና ከስያሜ ጥያቄዎች አንዱንም አልሳትኩም። በ2ኛው ዓመት ወደዚያው መስኮት ስሄድ ቅጹን ስሙን ከነቀመሩ ሞላሁት። ሰውየው አነበበና ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያም አንድ ቃል ሳይተነፍስ ጠርሙሱን ሰጠኝ። እኔም ከመስኮቱ ሳልርቅ የጠርሙሱን ጽሑፍ 2 ጊዜ አነበብኩት።