ዓሣ መብላት ከስኳር በሽታ ያድናል ወይ? ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አባትሽ ስኳር አለባቸው፤ አንቺም በቅርቡ ተመርምረሽ ቅድመ ስኳር ላይ ነሽ ተብለሻል፤ የደምሽ ስኳር ከፍ ብሏል፣ ግን ገና ስኳር በሽታ አልደረሰም ማለት ነው። አንዱ ዓሣ አዘውትሪ ይልሻል፣ ሌላው የዓሣ ዘይት እንክብል ግዢ ይልሻል፣ ሦስተኛው ደግሞ ቅባት የሚባል ነገር እንዳትነኪ ይልሻል። ግራ ቢገባሽ አይፈረድብሽም። እናቴ ስኳር ነበረባት፣ ለዓመታት የማበስልላት እኔ ነበርኩ። ኋላም ተራው ደረሰኝና እኔም ያንቺው ደረጃ ላይ ነኝ ተባልኩ። የማውቀውን ልንገርሽ።

እንክብሉን ላስቀድም፣ አጭር ስለሆነ። እንክብሉ ውስጥ ያለው ኦሜጋ 3 የሚባል የዓሣ ቅባት ስኳር በሽታን አይከላከልም። በ2019 ቢኤምጄ የተባለው የሕክምና መጽሔት ከ80 በላይ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር። ከ120,000 በላይ ሰው የተሳተፈባቸው ናቸው። ኦሜጋ 3 መጨመር በስኳር የመያዝን ዕድል የመቀነስ ነገር አልታየበትም። ከዚያ በፊት በ2018 ደግሞ አሴንድ የተባለው ጥናት ከ15,000 በላይ ስኳር ያለባቸውን ሰዎች ተከታትሏል። በየቀኑ 1 ግራም ኦሜጋ 3 የወሰዱት ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር የደረሰባቸው ካልወሰዱት ባልተለየ መጠን ነው። ስለዚህ ስኳርን ለመከላከል ብለሽ ገንዘብሽን አታባክኚ።

ዓሣው ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ብዙ ሕዝብ ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች እርስ በርስ አይስማሙም። እስያ ውስጥ ዓሣ አዘውታሪዎች በስኳር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ታይቷል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እንዲያውም ከፍ ያለባቸው ጥናቶች አሉ። እንዴት ሊሆን ይችላል? በእኔ እምነት ትልቁ ምክንያት ድስቱ ውስጥ ነው። ዓሣው እንዴት ተሠራ? ከምን ጋር ቀረበ? የየትኛውን ምግብ ቦታስ ወሰደ?

ዱቄት ተለውሶ በዘይት የተጠበሰ ዓሣ አይተሽ ታውቂያለሽ። ከዘይቱ አውጥተሽ ወረቀት ላይ ስታስቀምጪው ወረቀቱ ወዲያው ርሶ ብርሃን ያሳልፋል። ያ ዘይት ሁሉም አልወጣም፣ ዱቄቱ ጠጥቶታል። አጠገቡ የድንች ጥብስ አለ፣ ከጎኑ ለስላሳ። እናቴ እንዲህ ያለ ምግብ በልታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንለካት ቁጥሩ ደህና ይሆንና ደስ ይለን ነበር። ከመኝታ በፊት ስንደግመው ግን ወጥቶ እናገኘዋለን። ቅባት ጨጓራን ያዘገየዋል፤ ስኳሩ አልጠፋም፣ ዘግይቶ ነው የመጣው። ያንኑ ዓሣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ አሽቼ ምድጃ ውስጥ አብስዬ ከብዙ አትክልት ጋር ሳቀርብላት መለኪያው ሌሊቱንም አይረብሸንም ነበር። ዓሣ ራሱ ካርቦሃይድሬት፣ ማለትም ሆድ ውስጥ ወደ ስኳር የሚለወጠው ነገር፣ የለውም ማለት ይቻላል። ስኳር የሚያወጣው አብሮት የሚቀርበው ነው።

አሁን ወደ ቅባት። በሙሉ ተዪ የሚሉሽን አትስሚ። ቅባት ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ሲጠራቀም የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ሥራውን በወጉ አይሠራም፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሁሉም ቅባት እኩል አይደለም። ቅቤንና ጮማን የመሰለው፣ ቀዝቀዝ ሲል የሚረጋው ዓይነት፣ ከፈሳሹ ዘይት ይልቅ ጉበት ላይ ይከማቻል። በ2016 የወጣ የ102 የአመጋገብ ሙከራዎች ግምገማ እንዳሳየው፣ የሚረጋውን ቅባት ወይም ካርቦሃይድሬቱን ቀንሰው በምትኩ እንደ ሱፍና አኩሪ አተር ዘይት፣ ለውዝና ዓሣ ውስጥ ያለውን ዓይነት ቅባት የተመገቡ ሰዎች የደም ስኳራቸው ተሻሽሏል። ልብ በይ፣ በምትኩ ነው እንጂ በላዩ ላይ አይደለም። ትራንስ ፋት የሚባለውን ግን፣ አንዳንድ የታሸገ ብስኩትና የረጋ የአትክልት ዘይት ውስጥ የሚገኘውን፣ ጨርሶ ራቂው።

ጥሩ ዘይትም ቢሆን መጠን አለው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ነው። እኔ ከጠርሙሱ ማንቆርቆር ትቼ በማንኪያ ነው የምለካው። ክብደት ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። በ2002 ውጤቱ የታወቀው የአሜሪካ ጥናት እንዳንቺ አደጋ ላይ የነበሩ 3,234 ሰዎችን ይዞ ነበር። 7 በመቶ ክብደት መቀነስንና በሳምንት 150 ደቂቃ እንቅስቃሴን ግብ ያደረጉት፣ በስኳር የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ኪኒን የወሰዱት በ31 በመቶ። የትኛውም ዓሣ እዚህ አይደርስም።

ታዲያ ዓሣ ልተወው እንዳትዪ። ለልብ ይጠቅማል፣ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ልብ ትልቅ ጉዳይ ነው። በሳምንት ሁለቴ፣ በተለይ ሳርዲን፣ ሳልሞንና ማኬሬል፣ በቀይ ሥጋ ወይም በቋሊማ ፋንታ ብትበዪ ጥሩ ነው። የቆርቆሮውን ሳርዲን ስትገዢ ጨዉን አንብቢ። ካረገዝሽ ወይም ልታረግዢ ካሰብሽ ሻርክንና ሰይፍ ዓሣን የመሳሰሉ ትልልቅ አዳኝ ዓሦችን ተዪ፣ ሜርኩሪ ይበዛባቸዋል።

ስለ አባትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም የልብ ምታቸው የሚዛባ ከሆነ፣ የዓሣ ዘይት እንክብል ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪማቸው ይንገሩ። በብዛት ሲወሰድ የልብ ምት መዛባትን ሊያመጣ ይችላል።