«ልጄ የሚያረባቸውን በረሮዎች ፈጀኋቸው፤ ይኸው አያናግረኝም»

ጥያቄ፦

የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ወንዱ 15 ዓመቱ ነው፤ ሴቷ 8። ከሁለት ዓመት በፊት ልጄ «በረሮ ልግዛ» ሲለኝ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አባቱ ፈቀደለትና ስድስት የማዳጋስካር በረሮ ገዛ። አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ክንፍ የሌላቸው ናቸው። ክዳን ባለው የመስታወት ሳጥን፣ እሱ ክፍል ውስጥ ስለሆኑ ዓይኔን ጨፍኜ ተውኩት። ለካ ያረባቸው ኖሯል! ከመቶ በላይ ሆነዋል።

ባለፈው ወር እናቴ ከደሴ መጣች። በሁለተኛው ሌሊት ከልጁ ክፍል «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ሰምታ፣ እባብ ነው ብላ ኮሪደሩን ሁሉ ጠበል ረጨችው። ላረጋጋት ገብቼ መብራት ሳበራ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አየሁ። የትልቋ በረሮ ስም ነው። የእናቴ ስም! ዘጠኝ ልጅ ወልዳ ያሳደገች ሴት! ደሜ ፈላ። በማግስቱ እሱ ትምህርት ቤት ሲሄድ ፍሊት ነፋሁባቸው። በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ጣልኳቸው። ክፍሉን ስጠርግ ደብተሩን አገኘሁ። የተወለዱበት ቀን፣ ብዛታቸው፣ የሳጥኑ ሙቀት ሁሉ ተጽፏል። አንዷ ብቻ 27 ወልዳለች።

ሲመጣ አልጮኸም፣ አላለቀሰም። ባዶው ሳጥን ፊት ቁጭ አለ። ይኸው 19 ቀን ሆነው፤ ከ«የስ» እና «ኖ» ሌላ ቃል ከአፉ አልወጣም። ሳጥኑን አጥቦ ቦታው መልሶታል። ባሌ «ልጅ ነው፣ ይረሳዋል» ይላል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ «ጤነኛ ልጅ በረሮ አይወድም፤ ጠበል ውሰጂው» አለችኝ። ትንሿ ልጄ አስም አለባት፤ ለእሷም ብዬ ነው። ልጄ ምን ነክቶት ነው? እኔስ ጥፋተኛ ነኝ?

መልስ፦

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አዎ፣ አጥፍተሻል። ይህን ቀድሜ የምልሽ ላስጨንቅሽ አይደለም። ደብዳቤሽን ሁለቴ ሳነበው መልሱን አንቺም የምታውቂው ስለመሰለኝ ነው። «ፈጀኋቸው» ብለሽ የጻፍሽው አንቺ ነሽ።

እኔም ንጹሕ ሆኜ አይደለም የምጽፍልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ክንዴን እያከክሁ ነበር። ያደግሁት ሌሊት የኩሽና መብራት ሲበራ በረሮ በሚተራመስበት ቤት ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ጫማዬን ሳላራግፍ አላደርግም። ስለዚህ ስለ መጸየፍ ስናወራ ወገንሽ ነኝ።

ፖል ሮዚን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። እ.ኤ.አ. በ1986 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ጥናት ለሰዎች በብርጭቆ ጁስ ቀረበላቸው። ከዚያ አንድ የሞተ በረሮ ጁሱ ውስጥ ገብቶ ወጣ። በረሮው ከጀርም ሙሉ በሙሉ እንዲጸዳ ተደርጓል፤ ይህም ተነግሯቸዋል። ቢሆንም ያንን ጁስ ለመጠጣት የሚፈልግ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር። የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ንጹሕ መሆኑንም ያውቃሉ። አእምሮ «ንጹሕ ነው» ሲል ሆድ «እኔ አልሰማሁም» ይላል። ስለዚህ «አስጠላኝ» ብትዪ ማንም ሊፈርድብሽ አይችልም። ልጅሽም ቢሆን።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በረሮዎቹ ሁለት ዓመት ሙሉ አብረውሽ ኖረዋል። ያን ያህል ጊዜ ያስጠሉሽ ነበር፤ ግን ፍሊት አላነሳሽም። ያቺን ጠዋት ምን ተለወጠ? በረሮዎቹ አልተለወጡም። እናትሽ መጣች። እናትሽ ሰማች፣ ጠበል ረጨች፣ ስሟ ወረቀት ላይ ተገኘ። ያኔ ያደረብሽ መጸየፍ አይመስለኝም። እፍረት ነው። «አሜሪካ ሄዳ ልጇን እንዲህ አሳደገችው» እንዳይባል ነው።

ልዩነቱ ለልጅሽ ትልቅ ነው። የአንቺን መጸየፍ ሲያውቀው ኖሯል፤ ለዚያም የሚችለውን አድርጓል። ክዳን አለ፣ በር ዘግቷል፣ ከክፍሉ አላወጣቸውም። መስታወት ላይ የሚወጡ በረሮዎችን የሚያረባ ሰው የሳጥኑን አፍ ዙሪያ ከውስጥ በኩል ቫዝሊን መቀባት እንዳለበት ያውቃል። ልጅሽም ሳይቀባ አልቀረም፤ ሁለት ዓመት አንድም አምልጦ ሳሎን አልመጣብሽምና። ለእፍረትሽ ግን የሚያደርገው ነገር አልነበረውም። እፍረት ክዳን የለውም። የተረዳው «እማዬ በእኔ ታፍራለች» የሚለውን ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ስሙ ደግሞ ላውራ፤ ትንሽ አስቆኛልና። ኒውዮርክ ያለው የብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየካቲቱ የፍቅረኞች ቀን ሰሞን ሰዎች ገንዘብ እየከፈሉ ልክ ልጅሽ የያዛቸውን ዓይነት የማዳጋስካር በረሮ በሚወዱት ሰው ስም እንዲሰይሙ ያደርጋል። አንዳንዱ የቀድሞ ፍቅረኛውን ለማብሸቅ ነው የሚያደርገው፤ እሱን አልክድም። ግን በሚስቱና በእናቱ ስም የሚያሰይምም ሞልቷል። ልጅሽ ያደገው እንዲህ ያለ ነገር እንደ ስጦታ በሚቆጠርበት አገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። የዚህች በረሮ እንስት እንደ ኩሽናዋ በረሮ የእንቁላል ከረጢቷን የትም አትጥልም። ሆዷ ውስጥ ሁለት ወር ገደማ ይዛ፣ በሕይወት ያሉ ልጆች ትወልዳለች። ሲወለዱ ነጭ ናቸው፤ ከሰዓታት በኋላ ይጠቁራሉ። 27 የወለደችውን አይቶ፣ ዘጠኝ ስለወለደች አያቱ ሲወራ እየሰማ ላደገ ልጅ ስሙ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። አንቺ ግን ሳትጠይቂው ነው የፈረድሽው።

«ምን ነክቶት ነው?» ላልሽው፣ ከጻፍሽው ውስጥ የሚያሳስበኝ ነገር አላየሁም። እንስሳ የሚያሠቃይ ልጅ ቢሆን ያሳስበኛል። ልጅሽ ግን ተንከባካቢ ነው። እነዚህ በረሮዎች 27 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ሙቀት ካላገኙ በደንብ አይራቡም። በየጊዜው ምግብ መቀየር፣ እርጥበት መጠበቅ፣ የሚተኙበትን የእንቁላል ካርቶን ማደስ አለ። የተወለደው ለአቅመ መውለድ እስኪደርስ ግማሽ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ እስከዚያ ስድስት ጊዜ ቆዳውን ይቀይራል። ሙቀት እየለካ ይህን ሁሉ በደብተር የሚይዝ የ15 ዓመት ልጅ ስንት አውቃለሁ? የራሴ ልጅ አልጋውን አያነጥፍም።

ያ የሌሊቱ «ሽሽሽ»ም በረሮው ሆዱ ጎን ባሉት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች አየር ሲያስወጣ የሚሰማ ነው። ሲደነግጡ ያሰማሉ፤ ወንዶቹ ሲጣሉና ሲዳሩም እንዲሁ። እናትሽ በመደንገጧ ግን አልፈርድባትም። ደሴ ያደገ ሰው ጨለማ ውስጥ ያንን ድምፅ ሰምቶ ምን ይበል?

ጠበሉን በተመለከተ፣ እምነትሽ ነው፤ ቤተሰቡ አብሮ ቢሄድ ደስ ይለኛል። ግን «በረሮ ስለወደድህ» ተብሎ አይሂድ። የሚሰማው «በሽተኛ ነህ» የሚለውን ይሆናል።

አሁን ወደ ትንሿ እንምጣ፤ እዚህ ላይ እውነት አለሽ። የበረሮ ኩስና የሚገፈው ቆዳ ብናኝ አለርጂ ያስነሣል፤ አስምም ያብሳል። ይህ በደንብ የታወቀው በኩሽናው በረሮ ነው፤ ግን ቤት ውስጥ የሚረባው ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ነጻ ነው አይባልም። መቶ በረሮ ቆዳ ሲቀይር ብናኙ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ለአለርጂ ሐኪሟ ንገሪና ምርመራ ይደረግላት። በነገራችን ላይ ፍሊቱም ለአስም ደግ አይደለም፤ ክፍሉን አናፍሺው። ግን ሐቁን እንነጋገር። የትንሿ ስም ደብዳቤሽ ላይ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ለልጅሽ ስታስረጂ እሷን እንደ ምክንያት አታቅርቢ። ወዲያው ይነቃብሻል። እህቱንም ጠምዶ ይይዛታል።

ይቅርታ የምትጠይቂው እንዴት ነው? እኛ አገር ወላጅ ልጁን በአፉ ይቅርታ አይጠይቅም። በሳህን ነው የሚጠይቀው። የሚወደው ይሠራል፣ በር ይንኳኳል፣ «ና ብላ» ይባላል። ልጁ ከበላ ነገሩ አለቀ። ዶሮ ወጡን አስቀድመሽ ሳትሞክሪ አልቀረሽም። አሜሪካ ያደገው ልጅሽ ግን ይህን ቋንቋ ግማሹን ነው የሚሰማው። ሳህኑን ያያል፤ ቃሉን ይጠብቃል።

ስለዚህ ቃሉን በዪው። ክፍሉ ሂጂ፤ አልጋው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ወይም ወንበር ላይ ተቀመጪ። አጭር ይሁን። «ሳልጠይቅህ በረሮዎችህን ገደልኳቸው። የአንተ ነበሩ። ስሙን ሳይ ደሜ ፈላ፤ ሳስበው ግን ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው ያደረግሁት። አጥፍቻለሁ።» አለቀ። ከዚህ በኋላ «ግን አንተም...» የሚለው ቃል ከአፍሽ ከወጣ ይቅርታው ውኃ በላው። «እኔ እኮ ለአንተ ብዬ ስንት መከራ...» የሚለውም ቢሆን ለሌላ ቀን ይቆይ።

መልስ አይሰጥሽ ይሆናል። ዝም ቢል አትቆጪ። 19 ቀን የተጠራቀመ በአንድ ማታ አይፈታም። ደብተሩ የት እንዳለ ጠይቂው፤ አንቺ ጋ ከሆነ መልሺለት። እስካሁን ካልሰጠሽው በእውነት እርሱ ይቅደም።

ባልሽን በተመለከተ ትንሽ ቅር ብሎኛል። የፈቀደው እሱ ነው። ሲጠፉ ግን «ይረሳዋል» ብሎ ወጣ። ልጁ ያኮረፈው አንቺን ብቻ አይመስለኝም። እሱም ሄዶ «ፈቅጄልህ ሳበቃ አልቆምኩልህም» ይበለው።

እንደገና በረሮ ቤትሽ ይግባ አይግባ አልወስንልሽም። የትንሿ ምርመራ አለርጂ ካሳየ አይግባ፤ ይህን ለልጁ ሐኪሟ ራሱ ቢነግረው ይሻላል። ካላሳየና ልብሽ ከቻለ ግን ሁለታችሁንም የሚያስማማ መንገድ አለ። ወንዶቹን ብቻ ይያዝ። መለየቱ ቀላል ነው፤ ወንዱ ከጭንቅላቱ ጀርባ ሁለት ጎላ ያሉ ጉብታዎች አሉት፣ የእንስቷ ለስላሳ ነው። ወንድ ብቻ ከሆነ አይራባም። አልፎ አልፎ በጉብታቸው ይገፋፋሉ፣ «ሽሽሽ» ይላሉ፤ ሌላ የለም። ሳጥኑን ሲያጸዳ በረንዳ ላይ፣ በጓንትና በማስክ ይሁን። እጁን ይታጠብ። ቁጥሩን አብራችሁ ወስኑ፤ እሱ አሥር ቢል አንቺ ስድስት በዪ።

አንድ ነገር ብቻ ተከታተዪ። መብላትና መተኛት ካቆመ፣ ጓደኞቹን ከሸሸ፣ ትምህርቱን ከተወ፣ ወይም «መኖር ሰለቸኝ» የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ፣ ኩርፊያ ነው ብለሽ አትለፊው። የልጆች ሐኪሙን ወይም የትምህርት ቤቱን አማካሪ አነጋግሪ። እዚያው አሜሪካ፣ ለተጨነቁ ሰዎች በተዘጋጀው የእርዳታ ስልክ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት መደወልም መጻፍም ይቻላል።

እናትሽ ገና አልተመለሰችም አይደል? ስሟ ለበረሮ መሰጠቱንስ ሰምታለች? ካልሰማች ልጁ ራሱ ይንገራት። ደብተሩን ይዞ ይሂድ። አንቺ ቡናውን አፍልተሽ ቅጂላቸውና ወጣ በዪ። መሃል ገብተሽ አታስተርጉሚ፤ በተሰባበረ አማርኛውም ቢሆን ይጨርሰው። ዘጠኝ የወለደች ሴት ስለ 27ቱ የምትጠይቀው አይጠፋትም።