ስለ ጦርነቱ የተጻፈ ግጥም ላስተምር ወይስ ልተወው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ11ኛ ክፍል አማርኛ መምህርት ነኝ። አንድ ወጣት ስለ ሰሜኑ ጦርነት የጻፈውን ግጥም ላስተምር አስቤ ነበር። ግን ክፍሌ ውስጥ ከየአካባቢው የመጡ ልጆች አሉ፤ አንዷ ወንድሟን ያጣችው በዚያ ጦርነት ነው። ባልደረቦቼ «ፖለቲካ ውስጥ ምን አስገባሽ?» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አትተዪው እህቴ። ልጆቹ እንደሁ ቀድመውሽ ቴሌግራም ላይ አንብበውታል። እዚያ የሚጠብቃቸው ወይ ጭብጨባ ወይ ስድብ ነው፤ ስንኙ ላይ ቆም አድርጎ «ይቺ ቃል ለምን እዚህ ገባች?» የሚላቸው የለም። እሱ ያንቺ ሥራ ነው።

ግን በእሱ አትጀምሪ። መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ይቺን ጻፊ፦

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሲሞቱ የተገጠመ ነው፣ ሁሉም ያውቀዋል። እኔ ሳስተምር ልጆቹ «ሙሾ ነው» ብለው ሊያልፉት ይሉ ነበር። «ወንድ አንድ ብቻ ከሞተ፣ የቀሩት ምን ነበሩ?» ስላቸው ጸጥ ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላ ወንበር አንዱ «እንዴ፣ ይሄማ የከዱትን እየሰደበ ነው!» ይላል። ከዚያ አንዷ ተነስታ «የሴቱን አናውቅም ማለት ምን ማለት ነው፣ ሴቶቹ አይቆጠሩም?» ብላ ትሞግታለች፣ ክፍሉ ይጋጋላል፣ ደወሉ ሲደወል እንኳ አይሰሙም። እያለቀሰም ወገን የሚይዝ ግጥም እንዳለ ያኔ ይገባቸዋል፤ ነገሩ ከ150 ዓመት በላይ ስላለፈው ደግሞ ማንም አይቆስልም።

በማግስቱ የወጣቱን ግጥም አምጪ። ሁለቴ ጮክ ብለሽ አንብቢው። «ገጣሚው ልክ ነው አይደለም?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፣ እሱን ከጠየቅሽ ክፍሉ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። የሚናገረው ማነው? ለማን? የማንን ሐዘን ሳይጠራ አለፈ? በተለይ በመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ ጊዜ ስጪ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ሰው እዚያ ይፈልጋል።

ያቺን ልጅ አስቀድመሽ ለብቻዋ አናግሪያት። ግጥሙን ስጫትና ቤቷ ታንብበው። መቅረት ከፈለገች ትቅር። ከገባች ደግሞ ዝም ብትልም ማንም እንዳይጠይቃት። የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ነው፤ ለእነሱ ቤት ግን ይሄ ገና የትናንት ነገር ነው።

ለርእሰ መምህሩም ግጥሙን ራስሽ አሳዪው፣ ከሌላ ሰው ከሚሰማ። ማርክ ስትሰጪ ደግሞ አቋማቸውን አትዪ፤ ስንኝ ጠቅሶ የሞገተ፣ ካንቺ ጋር ባይስማማም፣ ሙሉውን ያግኝ።

ልጅቷ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።