«ሥራውን ሁሉ ራሴው ሠራሁት፤ ታዲያ መርቻለሁ ይባላል?»

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባለፈው የትምህርት ዕረፍት 18 ተማሪዎች ሆነን ለ2 ሳምንት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተጉዘን ነበር። ሥራችን የመማሪያ ክፍሎችን ቀለም መቀባት፣ ቤተ መጻሕፍቱን ማደራጀትና ከሰዓት በኋላ ተማሪዎችን ማስጠናት ሲሆን፣ አስተባባሪ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነበርኩ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ የሚመጣው ሰው እየሳሳ ሄደ፤ ሰው ከመለመን ብዬ መጻሕፍቱን ማታ ማታ ብቻዬን ስደረድር ሰነበትኩ። ሌላም ጥፋት አለብኝ። ከምንቀባቸው ክፍሎች ሁለቱ በቅርቡ የተለሰኑ ነበሩና የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ አንድ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ይህ ግድግዳ ገና ውሃውን አልጨረሰም» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ቀኑ እንዳያልቅብን ስለፈራሁ «ችግር የለውም አባባ» ብዬ አለፍኳቸው። ገና ከዚያው ሳንነሳ ቀለሙ መላጥ ጀመረ። አሁን የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻ እየሞላሁ ነው፤ ቅጹም «ከአመራር ልምድዎ የተማሩትን ይግለጹ» ይላል። ጓደኞቼ የተሳካውን ብቻ ጻፊ ይሉኛል። ምን ልጻፍ?
ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግመን ስናነብ «ሰው ከመለመን» የምትለው ሐረግ ላይ ቆምን። ሥራ ማከፋፈል በእርስዎ ዘንድ እንደ ልመና ተቆጥሯል። የቡድኑ አባላት ግን ፈቅደው የመጡት ሊሠሩ ነውና ድርሻቸውን ቢነግሯቸው ኖሮ የሚለምኑት ነገር አልነበረም፤ ድርሻቸውን ወስደው ሌሊት ሲሠሩላቸው ግን የመጡበትን ጉዳይ ወስደውባቸዋል።

የሳሱትም ሰነፎች ስለሆኑ ነው ብለው አይደምድሙ። ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎችን ብቻቸውንና በቡድን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለክቶ ነበር፤ 8 ሰዎች አብረው ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ጉልበት ብቻውን ሲጎትት ከነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ብሎ ተገኘ። እርስ በርስ እየተጠላለፉ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ሌሎች ተመራማሪዎች ጎታቾቹን ዓይናቸውን ሸፍነው፣ በእርግጥ ብቻቸውን እየጎተቱ ሳለ ከኋላቸው ሌሎች እንዳሉ አስመሰሉባቸው። ጉልበታቸው ያኔም ቀነሰ። እንግዲህ «ቤተ መጻሕፍት የምትሠሩ ኑ» የሚል ጥሪ ለ17 ሰው ሲተላለፍ ሁሉም ሌላው ይሄዳል ብሎ ቢያስብ ምን ይደንቃል? ሦስት ሰዎች በየስማቸው ተጠርተው «የታሪክ መጻሕፍቱ መደርደሪያ እስከ ሐሙስ የእናንተ ነው» ቢባሉ ግን መቅረታቸው በግልጽ የሚታይ ስለሚሆን አብዛኛውን ጊዜ አይቀሩም።

«ታዲያ መቆጣት ነበረብኝ?» ይሉን ይሆናል። ኩርት ሌዊን፣ ሮናልድ ሊፒትና ራልፍ ኋይት እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተሙት ጥናት፣ ዕድሜያቸው 10 ዓመት ገደማ የሆኑ ወንዶች ልጆችን በቡድን ከፋፍለው በሦስት ዓይነት አመራር ሥር የእጅ ሥራ ሲሠሩ ተከታትለዋቸው ነበር። አዛዥ መሪ ባለበት ቡድን ሥራው መሪው ቆሞ ሲያይ ይፋጠናል፤ ከክፍሉ ሲወጣ ግን በእጅጉ ይቀዘቅዛል። እያማከረ በሚመራቸው ዘንድ መሪው ኖረም አልኖረም ብዙ ልዩነት አልታየም። ሁሉን ነገር ለልጆቹ ትቶ ዳር የሚቆም መሪ የነበራቸው ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ሠሩ። ቢከፋዎትም እንንገርዎት፤ እርስዎ የሚቀርቡት ለዚህ ለመጨረሻው ነው። እጅዎ ሥራ ፈትቶ ባያውቅም፣ መጻሕፍቱ መካከል ብቻዎን ሲያመሹ የቀሩትን 17 ሰዎች ማን ይመራ ነበር?

ወደ አዛውንቱ እንምጣ፤ ከጉዞው ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቀለም ከመቀባቱ በፊት እንደ አየሩ ሁኔታ 4 ሳምንት ገደማ እንዲደርቅ መተው እንዳለበት ማንኛውም ቀለም ቀቢ ይነግርዎታል። የእናንተ ጉዞ በሙሉ 2 ሳምንት ነበር። ስለዚህ እነዚያን ሁለት ክፍሎች እናንተ ልትቀቧቸው የምትችሉበት ቀን ከመጀመሪያውም አልነበረም፤ ይህንንም በግቢው ውስጥ የሚያውቅ ሰው ነበር፣ ተናግሮም ነበር። ለእንግዳ የሚሰጥ ምክር ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለስለስ ተደርጎ ይነገራል፣ አይደገምም። አስተባባሪ ከሆነ ሰው የሚጠበቀው ያን ድምፅ ሲሰማ ብሩሹን አስቀምጦ «እንዴት አወቁ አባባ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ኢቫን ኢሊች የተባለው ቄስና ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1968 ኩዌርናቫካ በተባለች የሜክሲኮ ከተማ ለአሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች ባደረገው ንግግር፣ በቅን ልቦና የተጀመረ አገልግሎት ተቀባዮቹን ሊጎዳ እንደሚችል ተናግሮ፣ ተማሪዎቹ ወደ ሜክሲኮ ለአገልግሎት መምጣታቸውን እንዲተዉ ጠይቋቸው ነበር። እኛ እስከዚያ ድረስ አብረነው አንሄድም፤ የተደራጀ ቤተ መጻሕፍት ከተዝረከረከ ይሻላል። ነገር ግን በየማለዳው ከትምህርት ቤቱ ሰዎች አንዱን አስቀምጦ «ዛሬ ይህን ልንሠራ ነው፤ ያላየነው ነገር አለ ወይ?» ብሎ ሩብ ሰዓት መስማት ኢሊችን ከሚያሳስበው ነገር ብዙውን ያስቀራል።

ስለ ቅጹ፣ የጓደኞችዎን ምክር አይቀበሉ። ማመልከቻ የሚመረምሩ ሰዎች «ቡድኔን በትጋት መራሁ» የሚል ጽሑፍ አንብበው የሰለቹ ናቸው፤ አንድ የተላጠ ግድግዳ ከዚያ የበለጠ ስለ እርስዎ ይነግራቸዋል። በአሜሪካ ጦር ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከልምምድ በኋላ የሚደረግ የግምገማ ልማድ አለ፤ ምን ልናደርግ አስበን ነበር፣ ምን ሆነ፣ ልዩነቱ ከምን መጣ፣ በሚቀጥለው ምን እናደርጋለን የሚሉትን ጥያቄዎች በተራ ይመልሳሉ። ጽሑፍዎን በዚሁ ቅደም ተከተል ቢያዋቅሩት መልካም ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በጥቂት ዓረፍተ ነገር አልፈው፣ ሦስተኛው ላይ ይቆዩ፤ እዚያም ላይ ስለ ቡድኑ አባላት ሳይሆን ስለ ራስዎ ውሳኔ ይጻፉ፤ ጥፋትን መናዘዝ በሌላው ላይ ማላከክ ሲሆን አንባቢ ቶሎ ይነቃል። የአዛውንቱን ንግግር እንዳለ ያስገቡት።

አራተኛው ጥያቄ ግን በወረቀት ላይ ብቻ ባይቀር እንመርጣለን። ቅጹን ከመላክዎ በፊት ለትምህርት ቤቱ ይደውሉ፤ ልስኑ ደርቆ እንደሆነ አዛውንቱን ይጠይቁ፤ ደርቆ ከሆነም ለሁለቱ ክፍሎች ቀለም የሚገዛውን፣ የተላጠውን የሚፍቀውንና የሚቀባውን ከ17ቱ መካከል በየስማቸው ይጥሩ።