የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ትልቁን የቤት አውቶሞቢል ከኋላ ወንበር መመዘን

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በደብረ ብርሃን ከተማ በንግድ ሥራ የምተዳደር አንባቢያችሁ ነኝ። አባቴ በዕድሜ የገፉና የወገብ ሕመም ያለባቸው በመሆናቸው፣ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ፣ ዘመድ ለመጠየቅ ደግሞ ወደ ሸዋ ሮቢት በየጊዜው አመላልሳቸዋለሁ። አሁን ያለኝን ፒክአፕ ሸጬ ምቾት ያለው ትልቅ የቤት አውቶሞቢል ለመግዛት ስላሰብኩ ሁለት ያገለገሉ መኪኖችን ተመልክቻለሁ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. የ2008 መርሴዲስ ኤስ 500፣ ሁለተኛው የ2010 ቢኤምደብሊው 750 ኤልአይ ነው። ሁለቱንም አዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ላይ ብነዳቸውም ልዩነታቸውን መለየት አቃተኝ፤ ዋጋቸውም ተቀራራቢ ነው። ምቾታቸውንና ጉልበታቸውን በምን ልመዝን?

መልስ፦ ልዩነቱ ያልታየዎት ሁለቱንም የሞከሯቸው እነሱ በሚወዱት መንገድ ላይ፣ ያውም መሪ ጨብጠው ስለሆነ ነው። ለስላሳ አስፋልት ላይ በ60 እና በ70 ፍጥነት የሚሄድ የዚህ ደረጃ መኪና ሁሉ ጥሩ ነው። እርስዎ የሚገዙት ግን ለአባትዎ የኋላ ወንበርና ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚወስደው የጣርማበር ተራራ መንገድ ነው፤ ፈተናውም እዚያው መደረግ ይኖርበታል።

በሒሳብ ሊቋጭ ስለሚችል ከጉልበቱ እንጀምር። በወረቀት ላይ ሁለቱ መኪኖች መንታ ናቸው ማለት ይቻላል፤ የመርሴዲሱ 5.5 ሊትር ሞተር 388፣ የቢኤምደብሊው 4.4 ሊትር ሞተር ደግሞ 407 የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ፤ ሁለቱም ባለ 8 ሲሊንደር ናቸው። ይሁን እንጂ እነዚህ ቁጥሮች የሚሰጡት ለባሕር ወለል የቀረበ አየር ታስቦ ሲሆን፣ የእርስዎ ከተማ ከ2,800 ሜትር ከፍታ በላይ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ አየሯ ከባሕር ወለሉ በአንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል። መርሴዲሱ ቱርቦ ስለሌለው ያገኘውን ስስ አየር ብቻ ይተነፍሳል፤ በመሆኑም በርዎ ላይ ሲቆም ወደ 290 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ሆኗል ማለት ነው። ቢኤምደብሊው ግን ሁለቱ ቱርቦዎች አየሩን ጠቅጥቀው ስለሚያስገቡለት አብዛኛውን ጉልበቱን እንደያዘ ይቆያል። በዝግታ ሲነዱ ይህ ሁሉ አይታይም፤ የሚታየው ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዋሻ ሲወጡ፣ ቤተሰብና ዕቃ ጭነው ነዳጁን ጠበቅ አድርገው ሲረግጡ ነው።

ይህን ስል መርሴዲሱ ዳገት አይወጣም ማለቴ አይደለም። 2 ቶን ለሚጠጋ መኪና 290 የፈረስ ጉልበት ይተርፈዋል፤ ከኋላ ወገባቸውን የሚያማቸው ሰው ይዞ ደግሞ ማንም አይሽቀዳደምም። ስለዚህ በጉልበት ቢኤምደብሊው ይበልጣል፤ ነገር ግን ለእርስዎ ጉዳይ ሚዛኑን የሚደፋው ጉልበት አይመስለኝም።

ወደ ምቾቱ ስንመጣ ጉዳዩ ይሰፋል። መርሴዲሱ በአራቱም ጎማዎቹ ላይ በአየር የተሞላ የላስቲክ ከረጢት ተሸክሞታል፤ ረጅሙ ቢኤምደብሊው ይህ ያለው ከኋላ ብቻ ሲሆን ከፊት የብረት ሞላ ነው። የአየር ከረጢቱ ጤነኛ ሲሆን በኮብልስቶን ላይ የሚሰጠውን ልስላሴ የብረት ሞላ አይሰጥም፤ ነገር ግን ላስቲክ ነውና ያረጃል፣ ይሰነጠቃል፣ ሲተነፍስም መኪናው በአንድ ጎኑ ይንበረከካል። የደብረ ብርሃን ውርጭ ለዚህ ምርመራ ሁነኛ መካኒክ ነው። ባለቤቱ ከፈቀደልዎ መኪናውን ማታ ሜዳ ላይ አቁመው፣ ከእያንዳንዱ ጎማ በላይ ካለው የመከለያ ጠርዝ እስከ መሬት ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ ንጋት ላይ ሞተሩ ሳይነሣ እንደገና ይለኩ። አየር በብርድ ስለሚኮማተር አራቱም እኩል ጥቂት ቢወርዱ አያስደነግጥም፤ አንዱ ብቻ ከሌሎቹ ተለይቶ ከወረደ ግን ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ሞተሩን ካስነሡ በኋላም አየር የሚሞላው ፓምፕ ሳያቋርጥ ለረጅም ጊዜ የሚያጓራ ከሆነ፣ የከረጢቱን ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ሳይቀንሱ አይስማሙ።

ቀጥሎ ጎማውን ይመልከቱ፤ ገዢዎች በብዛት የሚዘነጉት ይህንን ነው። መርሴዲሱ በ18 ኢንች ቸርኬ ላይ ስፋቱ 255፣ የጎኑ ከፍታ የስፋቱ 45 በመቶ የሆነ ጎማ ካለው፣ ከቸርኬው እስከ መሬት 115 ሚሊ ሜትር ያህል ላስቲክ አለ። ለማማር ሲባል 20 ኢንች ቸርኬ ገብቶለት ባለ 275/35 ጎማ ከተደረገለት ይህ ወደ 96 ይወርዳል፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር የምትጠጋዋ ልዩነት በድንጋይ ንጣፍ ላይ በቀጥታ ወገብ ላይ ታርፋለች። ቢኤምደብሊው ደግሞ አየር ቢወጣባቸውም ለጥቂት ርቀት እንዲነዱ ጎናቸው የደነደነ ጎማዎች ተገጥመውለት ሊሆን ይችላል፤ እነዚህን በተራ ጎማ መቀየር ብቻ መኪናውን ሌላ ያደርገዋል። በነገራችን ላይ በሰፈራችን የሚያብረቀርቅ ትልቅ ቸርኬ የክብር ምልክት ተደርጎ መቆጠሩን አውቃለሁ፤ አባትዎ ግን የሚቀመጡት ከላይ ነው።

ይህን ካደረጉ በኋላ መሪውን ለሚያምኑት ሰው ይስጡና እርስዎ ከኋላ፣ አባትዎ በሚቀመጡበት በኩል ይቀመጡ። መጀመሪያ አባትዎ ራሳቸው ይግቡና ይውጡ፤ የእነዚህ መኪኖች ወንበር ከፒክአፑ በጣም ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ውስጡ ገብተው የሚደሰቱ አዛውንት ሲወጡ ጉልበታቸውና ወገባቸው ሊቸገር ይችላል። መውጣቱ ካስቸገራቸው ሌላው ሁሉ ትርፍ ነገር ነው። ከዚያ በኮብልስቶኑ ላይ በ20 ፍጥነት ቀስ ብለው ይሂዱ፤ በዝግታ የሚነጥር መኪና በፍጥነት ሲሄድ ለስላሳ መምሰሉ አይሸንግልዎት።

ቀኑን ካገኙ ሸዋ ሮቢት ድረስ ይውረዱ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጣርማበር ጉም ተነሥተው በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ 1,300 ሜትር አካባቢ ወዳለው ቆላ ስለሚደርሱ፣ የኋላው ማሞቂያም ማቀዝቀዣውም በአንድ ጉዞ ይፈተናሉ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሹፌሩ ማርሹን በእጅ ዝቅ አድርጎ ይያዝ፤ ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ተበላሽቷል። ጠመዝማዛው ላይ ጎን ለጎን የሚያወዛውዘው የትኛው እንደሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳይነገረው ያውቃል።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን፣ ከረጢቶቹ ጤነኛ ሆነው ከተገኙና 18 ኢንች ቸርኬ ካለው መርሴዲሱን እመርጣለሁ። ከአራቱ ከረጢቶች አንዱ እንኳ ቢያጠራጥር ግን ቢኤምደብሊውን ወስጄ ጎማውን እቀይራለሁ።

ጥያቄ፦ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ ትልቅ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ልገዛ አስቤአለሁ። ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደውን ዳገት በምቾት ይወጣዋል? (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ይወጣዋል፤ እንዲያውም አየር የማይተነፍስ ሞተር ስለሆነ ከፍታው ጉልበቱን አይነካበትም። የሚነካው ባትሪውን ነው። ሰው ጭኖ 2,400 ኪሎ የሚመዝን መኪናን 1,700 ሜትር ወደ ላይ ማንሣት ብቻውን ወደ 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ ይህ ለተለመደው ጉዞ ከሚወጣው ላይ የሚደመር ነው። ሲወርዱ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከዚህ ጥሩ ድርሻውን ይመልሳል፤ የፍሬን ሸራውም አብሮ ይቆጠባል። ሙሉ ባትሪ የሚመለሰውን ኃይል መቀበል አይችልም የሚባለው እውነት ቢሆንም፣ ደብረ ብርሃን ላይ ሞልቶ የተነሣ ባትሪ ጣርማበር እስኪደርስ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ ቦታ ይለቃል። በብርድ ማለዳ ግን ማሞቂያውም ከዚያው ባትሪ እንደሚበላ ያስቡበት።

ስለ ምቾቱ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙዎቹ ባትሪው ወለሉ ሥር ስለሚነጠፍ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ከኋላ ሲቀመጡ ጉልበትዎ ወደ ላይ ተነሥቶ ጭንዎ ከወንበሩ የሚለይ ከሆነ፣ ሻጩ ስለ ርቀትና ስለ ፍጥነት ምንም ቢነግርዎ፣ ደብረ ብርሃን ሳይደርሱ ይደክምዎታል።