ሆድ አልረጋ ሲል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ገባ፣ የሆድ ደብዳቤም አብሮት ገባ።

የፒያሳው አንባቢ ለምለሙን (ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ዱቄት፣ ኦ.አር.ኤስ.) በአምቦ ውኃ ልበጥብጠው ወይ ይላሉ። አይሆንም። አፍልተው ባቀዘቀዙት ውኃ ያድርጉት፤ አምቦውን ለክትፎው ያቆዩት።

ክትፎ ካልን፣ የካዛንቺሱ ወጣት ቅዳሜ በልቶ እሑድን መጸዳጃ ቤት ውሏል። ፍላጅል ገዝቶ ሁለት ፍሬ እንደዋጠ ተሻለው፤ የተረፈውን «ለሌላ ቀን» መሳቢያ ውስጥ አኑሮታል። ልክ ነኝ ወይ? አይደለህም፣ ወንድሜ። አብዛኛው ተቅማጥ በጥቂት ቀን በራሱ ይቆማል፤ ያሻለህ ክኒኑ መሆኑን በምን አወቅህ? ፍላጅል ለአሜባና ለጃርዲያ ነው፤ እሱም ሐኪም ሲያዝ። ደም ካየህ ወይም ካተኮሰህ ተመርመር።

ያሳሰበኝ አራት ኪሎ ያሉ እናት የጻፉት ነው። የዘጠኝ ወር ልጃቸውን ካስቀመጠው ሦስተኛ ቀኑ። ጎረቤት «ጥርስ ሊያወጣ ነው» አለ፤ አክስት «ግጉ ይውጣለት» አሉ። ለምለሙ ተቅማጡን አላቆም ሲል ደፉት፤ ጡትም «እንዳያብስበት» ቀነሱ።

እህቴ፣ ለምለም ተቅማጥ አያቆምም። የፈሰሰውን ውኃና ጨው ይተካል፤ ልጅ የሚሞተው ደግሞ ሰውነቱ ደርቆ ነው። አንዱን እሽግ በሙሉ አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ይበጥብጡ፤ መለኪያ ከሌለ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሁለቴ ሞልተው ይገልብጡ። ባስቀመጠው ቁጥር አንድ የቡና ሲኒ ያህል በማንኪያ ያጠጡት። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ቆይተው ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ያደረውን ይድፉ፤ መድፋት የሚፈቀደው ያኔ ነው። ጡቱን እንዲያውም ይጨምሩለት። ዚንክ ሲሰጡት ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን፣ እንደታዘዘው ይጨርስ።

ጥርሱን ይተዉት። የሚድህ ልጅ ከወለል ያነሳውን ሁሉ አፉ ይከታል፤ ምክንያቱን እዚያ ይፈልጉ። ግግ ብለው የሚፈነቅሉት ገና ያልበቀለ ጥርስ ነው፤ ድዱ ይደማል፣ ያመረቅዛል። አክስትን በአክብሮት እምቢ ይበሉ።

ሦስት ቀን ሆኖታልና ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሽንት ካጣ፣ ከፈዘዘ፣ መጥባት ካቃተው ወይም ደም ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል። ይህን እንኳ አንብበው አይጨርሱ።

የመርካቶው አንባቢ፦ የሩዝ ውኃ የመሰለ ቢወጣስ? አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሊሆን ይችላል፤ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከተማችን አይታዋለች። ፈጥነው ይሂዱ፣ ለምለሙን በመንገድም ይጠጡ።

ስንቴ ሲሆን ነው ተቅማጥ የሚባለው? በቀን ሦስቴና ከዚያ በላይ ቀጥኖ ሲወጣ።